ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም

እህቴ፣ «አኮንድሮፕላዝያ (ቁመት እንዲያጥር የሚያደርግ የአጥንት እድገት ችግር) ያለባቸው ልጆች ማንኮራፋት ተፈጥሯቸው ነው፤ ከባድ እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ነውና አትጨነቁ» ያልሽውን አየሁት። ወላጆችን ለማረጋጋት ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም፤ አምነውት የሚዘናጉ እንዳይኖሩ ስለምሰጋ ላርመው።

በዚህ የአጥንት ችግር የፊት መሃል አጥንት በደንብ አያድግም። ስለዚህ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው የአየር መተላለፊያ ጠባብ ነው። እንቅልፍ ሲመጣ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ ቶንሲል ወይም አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ) ካበጠ ደግሞ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ልጁን ሲተኛ ልብ ብላችሁ እዩት። መንገዱ ከተዘጋ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ማንኮራፋቱ ጸጥ ይልና ድንገት አየር እንዳጠረው ሰው ይባንናል። ያ ጸጥታ እረፍት አይደለም፤ ትንፋሹ ቆሞ ነው።

በሕፃናት ላይ ከዚህ የሚከፋም አለ። የራስ ቅል ከአንገት ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ሲጠብ ትንፋሽን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሊጫነው ይችላል። ያኔ ሕፃኑ ምንም ሳያንኮራፋ ትንፋሹ ይቋረጣል። ስለዚህ «የኔ ልጅ አያንኮራፋም» ማለትም ዋስትና አይሆንም። የእንቅልፍ ምርመራ ገና በሕፃንነቱ እንዲደረግለት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

መፍትሔ ደግሞ አለ፦ እንደ መንስኤው አዴኖይድና ቶንሲል ማውጣት፣ ሲፓፕ የተባለው፣ በጭምብል አየር እየገፋ መተላለፊያውን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ፣ ወይም የጠበበውን ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና ማስፋት። ልጁ ተኝቶ ሲተነፍስ በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ቪዲዮው ላይ ምንም ችግር ባይታይም ግን ምርመራውን አትተዉት።