የአካል ታክት ዳግም ግንባታ

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር በሕንድ አምሪትሳር ከተማ ስላለው የሲክ ሃይማኖት ወርቃማ ቤተ መቅደስ ስንጨዋወት ክርክር ተነሣ። የሕንድ ጦር እ.ኤ.አ. በጁን 1984 የሲክ ታጣቂዎች ወደ መሸጉበት ግቢ በታንክ ታግዞ ሲገባ፣ ከዋናው ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት የቆመው የሲኮች የፍርድ ወንበር፣ አካል ታክት፣ ክፉኛ ፈራረሰ። መንግሥት በጥቂት ወራት ውስጥ አስጠገነው፤ ሲኮች ግን በ1986 የተጠገነውን አፍርሰው እንደ አዲስ መሥራት ጀመሩ።

አንደኛው ወዳጃችን ይህን ከንቱ ድካም አለው። ያለቀን ሕንፃ ማፍረስ የምእመናንን ገንዘብና ጉልበት ማባከን እንደሆነ ተናግሮ፣ ቤተ መቅደሱን በእብነ በረድና በወርቅ ያስጌጠው የሲኮች ንጉሥ ራንጂት ሲንግም ገዥ እንደነበረ አስታወሰን።

ሌላው ወዲያው መለሰለት፦ «ራንጂት ሲንግ አስጌጠ እንጂ አላፈረሰም። በ1762 የአፍጋኑ ንጉሥ አህመድ ሻህ ዱራኒ ቤተ መቅደሱን በባሩድ አፍርሶ የተቀደሰውን ኩሬ ሲያስደፍን፣ ኩሬውን ጠርገው ሕንፃውን መልሰው ያቆሙት ራሳቸው ሲኮች ናቸው። ሀብታሙም ድኻውም ጭቃ የሚሸከምበትን ይህን የበጎ ፈቃድ ሥራ ካር ሴቫ ይሉታል፤ ለእነርሱ ሥራው ራሱ አምልኮ ነው። ታዲያ ያፈረሰው ክፍል በቅጥር ሠራተኛ ሲጠግነው እንዴት ዝም ይበሉ?»

ሦስተኛዋ እስከዚያ ድረስ በዝምታ ስታዳምጥ ቆይታ ነገሩን ወደ መነሻው መለሰችው። አምስተኛው የሲኮች መንፈሳዊ መሪ ጉሩ አርጃን በ1606 በሙጋሉ ንጉሥ በጃሃንጊር ዘመን በላሆር ከተገደለ በኋላ፣ ልጁ ሃርጎቢንድ አካል ታክትን ያቆመው የማኅበረሰቡ ዓለማዊ ጉዳይ ከቤተ መንግሥት ተለይቶ እንዲዳኝበት ነበር አለች።

ለእኔ ክርክሩን የፈታው ይህ የእርሷ ቃል ነው። ቤቱ የጸሎት አዳራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ወዳጃችን ሐሳብ ሚዛን ይደፋ ነበር፤ ከገዥ ነፃ ለመሆን የተመሠረተ የፍርድ ወንበር ግን ከገዥ እጅ በስጦታ ሊቀበሉት አይቻልም። የ1986ቱን ውሳኔ ከገፉት መካከል ከታጣቂዎቹ ጋር የወገኑ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም፤ ቅሬታው ግን ከእነርሱ እጅግ የሰፋ ነበር። በዚያው ጥቃት በግቢው የነበረው ቤተ መጻሕፍት ከብርቅዬ የእጅ ጽሑፎቹ ጋር መውደሙም ሐዘኑን አክብዶታል፤ ይህን ጉዳት ደግሞ የትኛውም ጥገና ሊመልሰው አይችልም። መንግሥት በ1984 ለጥገናው ከመቸኮል ይልቅ ጦሩን አስወጥቶ ምእመናኑ ፍርስራሹን ራሳቸው እንዲያነሡ ቢተውላቸው ኖሮ፣ አካል ታክት ለሁለተኛ ጊዜ መፍረስ ባላስፈለገው ነበር።