ተሰብሳቢ እንደኛ የት አለ!

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ «የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን በማጠናከር ዴሞክራሲን ማጎልበት» የሚል ውይይት ነበር። እንዲህ ያለውን ስብሰባ ታውቁታላችሁ፤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሙቀቱም የድሬ ሙቀት ነው። ተሰብሳቢያችን ግን አልተበገረም።

በተለይ እጅ የነሳሁት ለአንድ ሰው ነው። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» አሉና ማይኩን ተረከቡ። አዘጋጆቹን አመሰገኑ። ጽሑፍ አቅራቢውን አመሰገኑ። አዳራሹን የፈቀደውን አካልም አልረሱም። ከዚያ ወደ 1948ቱ ሕገ መንግሥት ወረዱ። ያኔ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሡ ይሾሙ እንደነበር ነገሩን። ቀጥሎ በ1895 ዓ.ም. ድሬ የገባው ባቡር መጣ። ባቡሩን ከሕግ መወሰኛው ምን እንዳገናኘው አልገባንም። ግን ድሬ ላይ ባቡር ያልተነሳበት ንግግር ንግግር አይባልምና አጨበጨብን። ማይኩን ሊቀበላቸው የመጣውን ልጅ ገፋ አድርገው «ላጠቃልል» አሉ። ማጠቃለያው ሦስት ነጥብ ነበረው። ሁለተኛው ላይ የማይኩ ባትሪ አለቀ፤ እሳቸው አላለቁም። ሦስተኛውን በጩኸት አደረሱት። በመጨረሻ «ምክር ቤቱ ይጠናከር!» ብለው ተቀመጡ። እንዴት ይጠናከር ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ፣ ተመስገን፣ በመካከላችን አልነበረም።

አንዲት ልጅ ብቻ «ድሬን እዚያ ቤት ማን ይወክላታል?» አለች። «ግሩም ጥያቄ ነው፤ ከምሳ በኋላ እንመለስበታለን» አሏት። ከምሳ በኋላ! አቦ፣ ድሬ ላይ ያ ሰዓት የጫት ሰዓት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ልጅቷና ቬንትሌተሩ ናቸው።

አሁን ያለ ቀልድ። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን አባላት የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ፣ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋሉ ይላል። ከ1987 ጀምሮ የተጻፈ ነገር ነው። ድሬ ግን ክልል አይደለችም፤ ቻርተር ያላት ከተማ ናት። ስለዚህ የክልል ምክር ቤት የላትም። እንደ ከተማም ወደዚያ ቤት የምትልከው ሰው የለም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ደግሞ ያው ቤት ነው! ይህን ሳያነሱ ስለ ባቡር ሲያወሩ መዋል፣ የጠየቀችውን ልጅ በምሳ መሸንገል፣ ነውር ነው። ንቀት ነው።

ይቅርታ፣ ሙቀቱ ነው። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የአቋም መግለጫውም ድንቅ ነበር። «ተሳታፊዎች ከሰዓት በኋላ በተደረገው የጦፈ ውይይት ለጥያቄዎቻቸው ሁሉ በቂ ምላሽ አግኝተዋል» ይላል። ጠዋት ስንመዘገብ ከእስክሪብቶው ጋር ነው የታደለን።