ፊፍቲ ፊፍቲ ለዘላለም ይኑር

ፕሮባቢሊቲ፣ ማለት የዕድል ስሌት፣ ከባድ ትምህርት ነው የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ ሻይ ቤት ገብቶ አያውቅም። ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በፈረንጅ 1654 ደብዳቤ እየተጻጻፉ የጀመሩትን፣ ኮልሞጎሮቭ የተባለ ሩሲያዊ በ1933 ሥርዓት ያበጀለትን ትምህርት እኛ በሁለት ቃል ጨርሰነዋል። ፊፍቲ ፊፍቲ።

ዛሬ ይዘንባል? ፊፍቲ ፊፍቲ። መኪናው ይገባል? ፊፍቲ ፊፍቲ። ልጁ ያልፋል? ልጅቱ እሺ ትላለች? ኃላፊው ቢሮ ይኖራል? ፊፍቲ ፊፍቲ። ማስረጃውም አይረታም። «ወይ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም። በቃ፣ ሁለት ነገር ነው። ሁለት ነገር ደግሞ እኩል ይካፈላል።» የቅኔ አገር ሰው ነገር ማስረዘም አይወድም።

እኔ ይህን ግኝት ከልቤ አደንቃለሁ። ምቀኞች ግን አልጠፉም። በተለይ የሒሳብ መምህራን። አንድ ብር ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ ይላሉ። ወይ የአንበሳው ፊት ይወጣል፣ ወይ የሚዛኑ። እዚህ ላይ ፊፍቲ ፊፍቲ ልክ ነው ብለው ትንሽ ያስደስቱናል። ወዲያው ደግሞ ያበላሹታል። ልክ የሆነው ነገሩ ሁለት ስለሆነ አይደለም፣ አንዱ ፊት ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት ስለሌለ ነው ይላሉ። ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያለባቸው ሁለት ዳይስ ብትጥሉ ድምሩ ወይ 7 ነው ወይ 7 አይደለም። በእኛ ሒሳብ ግማሽ በግማሽ። እነሱ ግን ቁጭ ብለው 36 አወጣጥ ይቆጥራሉ። 7 የሚሰጡት 6 ናቸው፣ ስለዚህ ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው ይላሉ። 12 የሚሰጠው ደግሞ አንድ አወጣጥ ብቻ። ይህን ሁሉ እስኪቆጥሩ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ደግሞም ብቻችንን አይደለንም። ዳላምቤር የሚባል ስመ ጥር የፈረንሳይ ሒሳበኛ በ1754 የእኛን መንገድ ይዞ ነበር። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ የምንፈልገው ፊት የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? እሱ ከሦስት ሁለት አለ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ውርወራ ከወጣ ጨዋታው አለቀ። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ከወጣም አለቀ። ሦስተኛ፣ ጭራሽ አልወጣም። ሦስት ነገር ነው፣ ለሦስት ይካፈል አለ። መልሱ ግን ከአራት ሦስት ነው። ሁለቱንም ጊዜ የመቅረት ዕድሉ የግማሽ ግማሽ፣ ማለት ሩብ ነው። ሩብ ከአንድ ሲቀነስ ሦስት ሩብ ይቀራል። ሰውየው ደብረ ማርቆስ ቢመጣ ኖሮ ወንበር ይለቀቅለት ነበር።

ወደ ዝናቡ እንመለስ። በሐምሌ እንጅባራ ላይ ጃንጥላ ሳይዝ የወጣ ሰው በፊፍቲ ፊፍቲ ተማምኖ ነው። በስብሶ ሲመለስ አያፍርም። ዕድሉ ግማሽ ነበር፣ ግማሹ ደረሰበት። በጥርም ያው ግማሽ ነው። ሰማዩ ክረምትና በጋ ይለያል፣ የእኛ ሒሳብ አይለይም። መምህራኑ መጀመሪያ ወሩን እወቅ፣ ከዚያ ዕድሉን እንደገና ገምት ይላሉ። አዲስ ወሬ ሲመጣ ግምት ይለወጣል ማለታቸው ነው። ጮቄ ላይ ደመና ሲከመር ያየ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ቶሎ ብሎ አጨዳውን ይሰበስባል። ከተማ የገባው ልጁ ግን ተምሯልና ፊፍቲ ፊፍቲ ይላል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን ደግሞ ይህ ጥበብ ያብባል። «ወይ ያልፋል፣ ወይ ይወድቃል» ይላል አባት፣ እጁን አጣጥፎ። ማለፊያው 50 ከመቶ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አሳምሮታል። ፊፍቲው ከፊፍቲው ተገናኘ። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ልጁ ባያጠናም ይቻላል። እያንዳንዱን ጥያቄ ወይ ያገኘዋል ወይ ያጣዋል፣ ስለዚህ ግማሹን ያገኛል፣ ስለዚህ ያልፋል። ጥያቄው አራት ምርጫ ያለው መሆኑ ግን ክፋት ነው። ሳያነብ የሚያጠቁር ልጅ ከመቶው የሚጠብቀው 25 ገደማ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው ፈተና በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ገደማ ነበር። ከሠላሳ ልጅ አንድ ማለት ነው። ይህም ቁጥር ቢሆን ያጠናውንም፣ ያላጠናውንም፣ መምህርና መጽሐፍ ያጣውንም አንድ ላይ ያደባለቀ ነው። የእገሌ ልጅ ዕድል ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሌሊት መብራት አብርቶ ምን ሲያደርግ እንደሚያመሽ ማየት ይሻላል። ማየት ግን አድካሚ ነው።

ነገር ሲደጋገም ድርሻው ወደ እውነተኛው ዕድል እየተጠጋ ይሄዳል የሚለውን ሕግ ያረጋገጠው ያዕቆብ በርኑሊ የተባለ የስዊዘርላንድ ሊቅ ነው። ሃያ ዓመት እንዳሰበበት ራሱ ጽፏል። ምስኪን። እዚህ ቢሆን በአንድ ብርሌ ያልቅለት ነበር።

ይህ ጥበብ በትክክል ቢተገበር የሚጠቅመው ግን ዕቁብን ነው። ሃያ ሰው ያለበት ዕቁብ ውሰዱ። ዛሬ ዕጣ ይወጣል። ለእያንዳንዱ አባል ወይ ይወጣለታል ወይ አይወጣለትም። ለእያንዳንዱ ግማሽ። ሃያ ግማሽ ሲደመር አሥር ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አሥር ሰው ሙሉ ዕቁብ ታቅፎ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት። ዳኛው ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቶ የዘጠኙን የት እንዳደረሰው ሊጠየቅ ይገባል። ዳኛው የሁሉም ዕድል ተደምሮ ከአንድ አይበልጥም፣ የእያንዳንዳችሁ ከሃያ አንድ ነው ቢል አትስሙት። እሱ የመምህራኑ ወገን ነው።

በነገራችን ላይ ዕቁብ ላይ «ተራዬ ደርሷል» የሚል ሰው ትንሽ እውነት አለው። የወጣለት ስም ከዕጣው ስለሚወገድ ለቀረው ሰው ዕድሉ በየሳምንቱ ያድጋል፣ ከ20 አንድ የነበረው ከ19 አንድ፣ ከዚያ ከ18 አንድ ይሆናል። ሎተሪ ግን እንዲህ አይደለም። ባለፈው እንዳልደረሰህ ሎተሪው አያስታውስም። ሳንቲሙም አያስታውስም። የአባወራዎቹ ግን ሌላ ነው። አምስት ሴት ልጅ የወለደ ጎረቤት ስድስተኛው ወንድ መሆኑን አይጠራጠርም። ፊፍቲ ፊፍቲ ለማለት በጣም የሚቀርበው ቦታ ይሄ ነበር። እዚህ ላይ ግን መቶ ፐርሰንት ይላል!

የባሕር ዳር ቤቲንግ ቤት፣ የኳስ ውርርድ ቤቱ፣ ደግሞ የዚህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው። ወጣቱ አሥር ጌም፣ ማለት አሥር ጨዋታ፣ በአንድ ቲኬት ይሰበስባል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ይቀራል። ቲኬቱም ፊፍቲ ፊፍቲ ነው። ወይ ይገባል፣ ወይ ይቃጠላል። እያንዳንዱ ጨዋታ እውነትም ግማሽ ዕድል ቢኖረው እንኳ አሥሩ አንድ ላይ የመግባት ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ አሥር ጊዜ ተባዝቶ ከ1,024 አንድ ነው። እሺ፣ ልጁ ኳስ ያውቃል እንበል። እያንዳንዱን ጨዋታ 70 ከመቶ እርግጠኛ ነው። አሥሩ አንድ ላይ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። «በአንድ ጌም ተቃጠልኩ» የሚለው ሮሮ በየሳምንቱ የሚሰማው ለዚህ ነው። በአንድ ጌም መቃጠል ጥቂት ቀረኝ አያሰኝም። የአሥር ጌም ቲኬት ሥራው መቃጠል ነው።

ቤቱ ግን ፊፍቲ ፊፍቲ አያውቅም። ኦዱን፣ ማለት ለአንድ ብር ስንት ብር እንደሚከፍል የሚለጥፈውን ቁጥር፣ ተመልከቱ። ለምሳሌ ባለሜዳው ያሸንፋል 2.00፣ አቻ 3.30፣ እንግዳው ያሸንፋል 3.60 ብሎ ይለጥፋል። አንድን ለእያንዳንዱ አካፍሉት። 50፣ 30፣ 28 ከመቶ ገደማ ይወጣል። ደምሩት። 108! የሦስቱ ዕድል ተደምሮ መቶ መሆን ነበረበት። ትርፏ ስምንት የቤቱ ናት። ልጆቻችን ስለ ቡድኑ ጉዳት፣ ስለ አሠልጣኙ ጠባይ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ስለዚች ስምንት ግን አንድም ሰው አያነሳም።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባኛል። ይኸው ፊፍቲ ፊፍቲ የሚለው ሰው ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጤፍ ሲገዛ አየሁት። ወይ ንጹሕ ነው ወይ አፈር አለበት፣ ፊፍቲ ፊፍቲ ብሎ አልከፈለም። እጁን ከጆንያው አፍ ላይ ከተተ። አልበቃውም። መሐሉን አስፈታ። ከሥሩም ዘገነ። መዳፉ ላይ በትኖ እፍ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናሙና አወሳሰድ ብለው የሚያስተምሩት ይሄው ነው፣ እሱ ግን ያለ ክፍያ ያውቀዋል። በሬ ሲገዛም ወይ ያርሳል ወይ አያርስም አይልም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል። ያስነዳዋል። የሻጩን ጎረቤት ጠርቶ ያንሾካሹካል። ልጁን ሲድር ደግሞ የሙሽራውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራል።

ስለዚህ ሒሳቡ አልጠፋውም። ፊፍቲ ፊፍቲ የሚወጣው የሌላ ሰው ጉዳይ ሲመጣ ነው። ፋይሌ ይገኛል ወይ ብላችሁ ቢሮ ብትጠይቁ ፊፍቲ ፊፍቲ ትባላላችሁ። ፋይሉ ቢገኝ ጸሐፊው ልክ ነበር። ባይገኝም ልክ ነበር። ይገኛል ቢል ኖሮ መፈለግ ነበረበት። የለም ቢል ደግሞ የት ገባ መባል ይመጣ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲተነብይ ኖሮ አንዴም ያልተሳሳተ ባለሙያ እንዲህ ያለው ብቻ ነው። ጡረታ ሲወጣ ካባ ይገባዋል።

እኔም ተለማመድኩት። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ልንወርድ ስንል ሾፌሩን ፍሬኑ ደህና ነው ወይ አልኩት። ፊፍቲ ፊፍቲ አለኝ፣ እየሳቀ። ረዳቱ መጥቶ ሒሳብ ሲለኝ ወይ እከፍላለሁ ወይ አልከፍልም፣ ፊፍቲ ፊፍቲ ነው አልኩት። ረዳቱ አልሳቀም። ሾፌሩም በመስታወት ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው መቶ ፐርሰንት ነው» አለኝ።