ከመስኮቱ ባዶ እጁን የተመለሰውን ማን ቆጠረው?

የጤና ሪፖርት ስንት ጤና ጣቢያ እንደተሠራና ስንት ሰው እንደታከመ ይነግረናል። ካርድ አውጥቶ፣ ተሰልፎ፣ የመጣበትን ሳያገኝ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው ግን እዚያ ውስጥ የለም። ጤና ጣቢያ መመዘን ያለበት በዚህ ሰው ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ቢያንስ አንድ ጊዜ የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶች 74 በመቶ ነበሩ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43 በመቶ፣ በጤና ተቋም የወለዱት ደግሞ 48 በመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተቋም የሚወልዱት 5 በመቶ ገደማ ስለነበሩ ለውጡ ትልቅ ነው፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። ግን አንዴ መጥተው የቀሩት እናቶች ለምን ቀሩ?

በጅማና በዙሪያዋ ለዚህ መልስ የሚፈልግ ሰው የመድኃኒት መስኮቱ አጠገብ ይቁም። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ የጤና መድን ደብተሯን ይዛ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፋለች። ባለሙያው ልጁን አይቶ መድኃኒት አዞላታል። ተራዋ ደርሶ ወረቀቱን ስታቀብል «ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ትባላለች። የዓመት መዋጮዋን የከፈለችው እኮ ከኪሷ እንዳታወጣ ነበር! ሪፖርቱ ላይ ልጇ ታክሟል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያውን አልፋ በባጃጅ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ያልሆነላት እቤቷ ትቀመጣለች።

ጥፋቱን ነርሷ ወይም ፋርማሲስቱ ላይ መጫን ግፍ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በአገሪቱ መመዘኛ ለ25 ሺህ ሰው የታሰበ ሲሆን፣ በሥሩ ያሉ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችንም ይደግፋል። የመድኃኒት ግዢና በጀት ከእነሱ እጅ ውጭ ነው።

ባዶ እጁን የተመለሰውን ለመቁጠር ጅማ አቅም አላት። ዩኒቨርሲቲያችን የሚታወቀው በማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ ተማሪዎቹ መጠይቅ ይዘው በየሰፈሩ ይገባሉ። ያቺን እናትም ይጠይቋት፤ ያገኙትንም ነዋሪው በተሰበሰበበት ለጤና ጣቢያው መልሰው ያቅርቡ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ደግሞ በየወሩ «ከውጭ ግዙ» የተባሉት ስንት እንደሆኑና የትኛው መድኃኒት እንደጠፋ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይለጥፍ። ቁጥሩ የበዛበት ጤና ጣቢያ ኃላፊ መወቀስ የለበትም፤ ያለዚያ በሁለተኛው ወር የሚለጠፈው ቁጥር የውሸት ይሆናል።