ከፎቶኮፒ ማሽን በስተጀርባ ያለው ልፋት

ስለ ፎቶኮፒ ማሽን ፈጣሪው ቼስተር ካርልሰን የጻፋችሁት ደስ ይላል። ግን ሀብታም ከመሆኑ በፊት ያየውን አሳር በአንድ መስመር ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ወላጆቹ በሽተኞች ስለነበሩ ገና በታዳጊነቱ ቤተሰቡን የሚደጉመው እሱ ነበር። ኋላም ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ኩባንያ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ክፍል ሲሠራ ሰነድ በእጅ መገልበጡ አንገፈገፈው።

የመጀመሪያውን ሙከራ እስቲ እዩት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 አስቶሪያ በተባለው የኒውዮርክ ሰፈር ውስጥ እሱና ረዳቱ ኦቶ ኮርኔይ ድኝ የተቀባ የዚንክ ዝርግ በመሐረብ አሹ። በመታሸቱም ዝርጉ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያዘ። ጽሑፍ ያለበትን መስታወት ከላይ አድርገው መብራት አበሩበት። ከዚያ ደቃቅ ዱቄት ነሰነሱና ትርፉን እፍ ብለው አራገፉት። የቀረውን በሰም ወረቀት ሲያነሱት ቀኑና የሰፈሩ ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ!

ይሄን ይዞ አይቢኤምን ጨምሮ ከ20 በላይ ኩባንያዎች ዘንድ ቢሄድ ሁሉም ፊት ነሱት። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ዜሮክስ 914 የተባለው ፎቶኮፒ ማሽን ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከመጀመሪያው ሙከራ ከ21 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ካገኘው ሀብት አብዛኛውን ለበጎ አድራጎት መስጠቱ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይነሳ። ይሄኛው ታሪኩ ለብቻው ቢጻፍልን በጣም ደስ ይለኛል።