ተኩሶ ሳይወለውሉ መስቀል

የሚያበግነኝ ጠመንጃ መተኮሱ አይደለም፤ ተኩሶ ሳይወለውሉ ግድግዳ ላይ መስቀሉ ነው! ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ የአባቴን ምንሽር፣ የድሮ ጠመንጃውን፣ ተውሶ ደምቢያ ለቅሶ ሄዶ ተኮሰበት። መልሶ አመጣና ሰቀለው። እኔም አምኜ ዝም አልኩ። በሳምንቱ አውርጄ፣ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ መቀርቀሪያውን አውጥቼ ከኋላ በኩል ወደ መስኮቱ ብርሃን ባይ ውስጡ በርበሬ መስሏል። ዝገት!

«ኧረ ዘይት ቀብቼዋለሁ» አለኝ። ዘይት ምን ያደርጋል? የድሮ ጥይት መለኮሻው ሲነድ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ በጎንደር ክረምት ላይ ሲሆንማ አስቡት። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተኩሶ የመጣ ለታ ራት አይቀምስም ነበር። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በአፈሙዙ ያወርዳል፣ ያደርቃል፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ በዘንግ እያስገባ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይወለውላል፤ ዘይቱ የመጨረሻ ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

«ቆሻሻው ለተኩሱ አያግደውም» የሚሉም አሉ። ዝገቱ የበላውን ብረት ግን ማን ይመልስልኛል? አርባ ዓመት ሙሉ ተጠብቆ የኖረ ዕቃ በአንድ ሳምንት!