ደሞዙ የተለጠፈ ተጫዋች

ዋሽንግተን፣ ኦዲ ፊልድ ስታዲየም ተቀምጬ ዲሲ ዩናይትድን ስመለከት አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ኳስ ያበላሸውን ተከላካይ የሰደበው በደሞዙ ነው። "ይህን ያህል እየተከፈለው!" ብሎ ቁጥሩን ጠራ። ግምቱ መስሎኝ ነበር። ለካስ የአሜሪካ ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር የእያንዳንዱን ተጫዋች ክፍያ ከነስሙ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዝርዝር ሜሲ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ላይ ተቀምጧል፤ የሊጉ ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ ደግሞ በዚያ ዓመት ከ71 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ ይል ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ይህ ከቤት ኪራይ በኋላ ስንት እንደሚተርፍ የእኛን ታክሲ ነጂዎች መጠየቅ ነው። ቢሆንም ታች ያለው ልጅ ስንት እንደሚያገኝ ያውቃል፤ መቼ እንደሚያገኝም ያውቃል።

እኛ ዘንድ የተጫዋች ደሞዝ የሹክሹክታ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ጣሪያ ሲበጅለት፣ ሹክሹክታው "በጎን ስንት ሰጡት?" ወደሚል ዞረ። በጎን የተባለ ገንዘብ ሲቀር በየትኛው ወረቀት ይጠየቃል?

የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም እዚያ ሊግ ውስጥ ይጫወታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው መጫወት ስለለመዱ ልጁ ኑሮው ሆቴል ሆኗል። አንድ ቀን ከድሬዳዋ በቪዲዮ ደወለልኝ። ክፍሉን ከሌላ ተጫዋች ጋር ይጋራል። በእጁ ያጠበውን ካልሲ መስኮቱ ላይ አስጥቶ፣ የተላጠ አውራ ጣቱን በፕላስተር እየጠቀለለ ያወራኛል።

"ደሞዝ ከቀረ ስንት ወር ሆነህ?"

"ሦስት፣ ጋሼ። በጀት አልተለቀቀም ይሉናል።"

ክለቡ እንደ ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ንብረት ነው። ግብ ቢያገባም ባያገባም ደሞዙ የሚጠብቀው የአንድ ኃላፊ ፊርማ ነው። እኔም እንደ ሊቅ የፊፋን የዝውውር ደንብ አነበብኩለት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በገባው አንቀጽ መሠረት የሁለት ወር ደሞዝ የተያዘበት ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ 15 ቀን ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን ማፍረስ ይችላል።

ሳቀብኝ። "ደብዳቤውን ካስገባሁ ስሜ ከሳሹ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ላይ ማን ሊያስፈርመኝ?"

የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከተጠየቁት 14 ሺህ ገደማ ተጫዋቾች 41 በመቶው ባለፉት ሁለት የውድድር ዘመናት ደሞዝ ዘግይቶባቸዋል። አሜሪካም ገነት አይደለችም። ውሉ ካልከለከለ በስተቀር ክለቡ ተጫዋቹን ሳያማክር ከሌላ ክለብ ጋር ሊለዋወጠው ይችላል፤ ማታ ተነግሮት ጠዋት ሚስቱንና የተማሪ ልጆቹን ይዞ አገር ያቋርጣል። ይህን ለማጽናኛ ብዬ ነገርኩት።

"የሚከፈል ከሆነ ምን ቸገረው?" አለ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥርሱ እየቆረጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ፣ ያ በየዓመቱ በእናንተ በጋ የሚደረገው የሐበሻ ቡድኖች ውድድር የጥሪ ደብዳቤ ይልካል?"

"ለመጫወት?"

"ለመምጣት።"

ከጎኑ ያለው አልጋ ተንቋቋ። የክፍል ጓደኛው እንቅልፍ ላይ ነው ብዬ ነበር፤ ጭንቅላቱን ወደ ስልኩ አስገባና "ሁለት ይሁን፣ ጋሼ" አለ።